የአጎቴ ድንጋይ በቶን ስንት ግራም ነው?

ጥር 13

አጎቴ ከሻኪሶ መጣ። ለጥምቀት ይደርሳል ብለን ስንጠብቀው በዓሉ አልፎ ነው የደረሰው፣ ያውም አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ድንጋይ ይዞ። ሚዛን ላይ ሳወጣው 23 ኪሎ ሆነ። አብዛኛው ነጭ ኳርትዝ ነው። አልፎ አልፎ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ለብሷል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነ አጎቴ ወርቅ በሚቆፍሩበት አካባቢ አንድ ጉድጓድ ላይ ድርሻ እንዲገዛ ተጠይቋል። ሻጩ ከድንጋዩ አንዱን ወርቅ ገዢ ዘንድ ወስዶ ሽጉጥ በምትመስለው የኤክስሬይ ማሽን አስነበበው። ማሽኗ "14" አለች። 14 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 14 ግራም ወርቅ።

"አንቺ ኬሚስት አይደለሽ? እውነቱን ንገሪኝ" አለኝ። ጫማውን እንኳ ገና አላወለቀም ነበር።

14 ቀላል ቁጥር አይደለም። ወለጋ ያለው የቱሉ ካፒ ፕሮጀክት ላይ የሚጠበቀው በቶን 2 ግራም ገደማ ነው። ተራራ በፈንጂ እያፈረሰ በሺህ የሚቆጠር ቶን የሚፈጭ ማዕድን በ1 ግራም ተኩልም ይሠራል። በመዶሻና በገበቴ የሚሠራ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለው።

የምሠራው ተማሪዎች በሚለማመዱበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለን፣ ጭስ መሳቢያ አለን፣ እስከ 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛንም አለን። በትርፍ ሰዓት እንድጠቀም ጠየቅሁ፣ ተፈቀደልኝ። ወርቅን በእሳት መመርመር የሞከርኩት ተማሪ ሳለሁ ሁለቴ ብቻ ነው፣ ያኔም አስተማሪው ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። አሁን ከጀርባዬ የቆመው አጎቴ ነው።

ጥር 14

ዛሬ ወርቅ የለም፣ አጥንት ነው።

በእሳት ምርመራ ወርቁን ከድንጋዩ የሚሰበስበው የቀለጠ እርሳስ ነው። (እርሳስ ስል ብረቱን ነው፣ የመጻፊያውን አይደለም።) ቀጥሎ እርሳሱን ከወርቁ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ኩፔል የሚባል፣ ከአጥንት አመድ የተሠራ ትንሽ ጽዋ ነው። እርሳሱ በሙቀት ከአየር ጋር ተዋህዶ ኦክሳይድ ሲሆን፣ ጽዋው ጨርቅ ውሃ እንደሚመጥ ይመጠዋል። ወርቅና ብር አይመጠጡም፣ ላዩ ላይ ይቀራሉ። ሰው ይህን ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፣ እስከ ዛሬም የሚስተካከለው ብዙ አልተገኘለትም።

ፋብሪካ የሠራው ኩፔል በአጭር ጊዜ ላገኝ አልቻልኩም። ሰፈር ወዳለው ሥጋ ቤት ሄጄ የእግር አጥንት ጠየቅሁ።

"ለውሻ ነው?"

"ለወርቅ ነው።"

ሰውዬው ትንሽ አየኝና አንድ ፌስታል ሙሉ ሞላልኝ፣ ብርም አልተቀበለኝ።

መጀመሪያ ቀቅዬ ስቡን አወጣሁት። ቀጥሎ ምድጃው ውስጥ 900 ዲግሪ ላይ አቃጠልኩት። ሽታው ኮሪደሩን አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ፣ እዚያ የሚያስተምር መምህር መጥቶ "ምን እየሆናችሁ ነው?" አለ። አንዳንዱ አጥንት ከውጭ ነጭ ሆኖ ሲሰበር ውስጡ ግራጫ ነው። ግራጫው ያልተቃጠለ ካርቦን ስለሆነ መልሼ አስገባሁት። ጠመኔ ሲመስል ፈጨሁት፣ ነፋሁት፣ በትንሽ ውሃ አራስኩት። ከዚያ በተቆረጠ የብረት ቱቦ ውስጥ አድርጌ፣ በአምፖል ቂጥ መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ተጫንኩት። እያንዳንዱ 50 ግራም ገደማ ነው፣ ሃያ ሠራሁ። ኩፔል የክብደቱን ያህል እርሳስ ይመጣል ተብሎ ነው የሚታሰበው።

መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸውና ተውኳቸው። ሳይቸኩሉ መድረቅ አለባቸው። አንዷን ለሙከራ በማግስቱ ምድጃ ውስጥ አስገብቼ ነበር፣ ለሁለት ተሰነጠቀች።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ድንጋዩን መስበር። የግንባታ ዕቃ ከሚፈተሽበት ክፍል መንጋጋ ያለውን ትንሽ መፍጫ ተዋስኩ። የሲሚንቶ ጠጠር ሲፈጭበት የኖረ ስለሆነ መጀመሪያ ንጹሕ ኳርትዝ ሦስት ጊዜ አሳለፍኩበት፣ ከዚያ የአጎቴን። 23ቱም ኪሎ የምስር ፍሬ እስኪያክል ድረስ ተፈጨ። ማስክ ማድረግ ግድ ነው። የኳርትዝ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ግን ሻሽ እንኳ አያስሩም።

ቀጥሎ መከፋፈል። ሸራ አነጠፍኩና ድንጋዩን እንደ ጤፍ ክምር መሃል ላይ ከመርኩት። ጫፉን ተጭኜ ዘረጋሁትና እንደ ዳቦ አራት ቦታ ከፈልኩት። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ሩቦች አስቀርቼ ሌሎቹን ወደ ማዳበሪያው መለስኩ። የቀረውን እንደገና ከምሬ እንደገና ከፈልኩት። አራት ጊዜ። 23 ኪሎው 1.4 ኪሎ ገደማ ሆነ።

አጎቴ ይህን ሲያይ አልተዋጠለትም።

"ያን ሁሉ ከሻኪሶ ድረስ ያመጣሁት ልትጥዪው ነው?"

"አልጥለውም ጋሼ። ግን ከ23 ኪሎ ላይ አንድ ማንኪያ ዝም ብዬ ብዘግን ያገኘሁት ያ ማንኪያ ብቻ ነው። እንዲህ ስከፍለው ትንሿ ትልቁን እንድትመስል ነው።"

"እኔ እኮ ለዚሁ ብዬ ቆንጆ ቆንጆውን መርጬ ነው ያመጣሁልሽ።"

ይቺን ደብተሬ ላይ ጻፍኳት፣ ከሥሯም ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ቆንጆ ቆንጆውን ከመረጠ፣ እኔ የምመረምረው ጉድጓዱን ሳይሆን የአጎቴን ዓይን ነው። ሆኖም ድንጋዩ መጥቷል፣ ሥራውን ልጨርሰው።

ጥር 18

ሙሉ ቀን መፍጨት። አንድ ኪሎ መዘንኩና በብረት ሙቀጫ ወቀጥኩት፣ በ106 ማይክሮን ወንፊት እየነፋሁ። ያለፈው ዱቄት በጣት ሲነካ እንደ ፉርኖ ለስላሳ ነው። ያላለፈውን መልሼ ወቀጥኩ፣ ነፋሁ፣ ወቀጥኩ። እስከ ማታ።

በመጨረሻ ምንም ብወቅጠው እምቢ ያለ 34 ግራም ትራፊ ወንፊቱ ላይ ቀረ። እጄ ዝሏል። ትንሽ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበረበት፣ ሚካ የሚባለው አብረቅራቂ ማዕድን መሰለኝ። ልደፋው ነበር። "ከናሙና ምንም አይጣልም" የሚለው የድሮ አስተማሪዬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ሲጮህብኝ ፌስታል ውስጥ አሠርኩት፣ "ትራፊ" ብዬ ጻፍኩበትና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ማቅለጥ፣ የመጀመሪያውም ውድቀት።

ቅልቅሉ ይህ ነው፦ 30 ግራም የድንጋይ ዱቄት፣ 60 ግራም የእርሳስ ኦክሳይድ፣ 35 ግራም ሶዳ አሽ፣ 12 ግራም ቦራክስ፣ 3 ግራም የፉርኖ ዱቄት። አዎ፣ ዳቦ የሚጋገርበት ፉርኖ። ፉርኖው ሲቃጠል ካርቦኑ ከእርሳስ ኦክሳይዱ ላይ ኦክስጅን ይነጥቃል፣ የተለቀቀውም እርሳስ በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ እንደ ዝናብ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ያገኘውን ወርቅና ብር ይዞ ይሄዳል። አንድ ግራም ፉርኖ 11 ግራም ያህል እርሳስ ያወጣል። ስለዚህ ከ3 ግራሙ 33 ግራም ገደማ እጠብቃለሁ። ሶዳውና ቦራክሱ ደግሞ ኳርትዙን አቅልጠው ብርጭቆ የሚያደርጉት ናቸው።

በዚህ ላይ 2 ሚሊ ግራም ብር በፈሳሽ መልክ ጨመርኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በቶን 1 ግራም ወርቅ ማለት በ30 ግራም ዱቄት ውስጥ 30 ማይክሮግራም ማለት ነው። ያን ያህል ወርቅ ተሰብስቦ ጠብታ ቢሠራ ስፋቱ የሚሊ ሜትር አንድ ሰባተኛ ቢሆን ነው። ዓይን በግድ ነው የሚያየው፣ ወረንጦ አይይዘውም። ብሩ ተሸካሚ እንዲሆነው ነው።

1,050 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አስቀምጬ የብረት ቅርጽ ውስጥ ገለበጥኩት። ሲበርድ ብርጭቆውን በመዶሻ ሰብሬ እርሳሱን አወጣሁ። መዘንኩት። 51 ግራም።

33 እየጠበቅሁ 51! ፉርኖውን ደግሜ መዘንኩ፣ ሚዛኑን ፈተሽኩ፣ የተሳሳተ ነገር የለም። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ካሰብኩ በኋላ ዓይኔ ክሩሲብሉ (ማቅለጫ ዕቃው) ላይ አረፈ። ጥቁር ነው። ከወርቅ ሠሪ የተዋስኩት ግራፋይት ነው። ግራፋይት ደግሞ ካርቦን ነው። እኔ 3 ግራም ፉርኖ በጥንቃቄ እመዝናለሁ፣ ዕቃው ራሱ እየተበላ የቀረውን እርሳስ ሁሉ አውጥቶልኛል።

አጎቴ "ብዙ እርሳስ ወጣ ማለት ጥሩ ነው?" አለ። አይደለም። ኩፔሌ ይህን አይችለውም፣ ክሩሲብሉም ሊቀደድ ደርሷል። ለሚቀጥለው ሳምንት የሸክላ ክሩሲብል ፈልጌ አመጣሁ። አጎቴም ወደ ሻኪሶ ተመለሰ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

በሸክላው ክሩሲብል አምስት ቅልቅል አቀለጥኩ። ሦስቱ የአጎቴ ድንጋይ። አራተኛው ባዶ ነው፣ ማለትም በድንጋዩ ፈንታ ንጹሕ ኳርትዝ አሸዋ ብቻ ያለበት፣ ከራሱ ከእርሳስ ኦክሳይዱ ወይም ከእኔ ዕቃ የሚመጣ ወርቅ ካለ እንዲያጋልጥ። አምስተኛው ያው አሸዋ ሆኖ ልክ 30 ማይክሮግራም ወርቅ በፈሳሽ የጨመርኩበት ነው። የጨመርኩትን መልሼ ካላገኘሁ ሌላውን ቁጥሬን ማን ያምነዋል?

የወጡት የእርሳስ እንክብሎች 32፣ 34፣ 33፣ 31፣ 33 ግራም። ልቤ ረካ። በመዶሻ እየጠፈጠፍኩ ማዕዘን አስያዝኳቸው፣ የተጣበቀው ብርጭቆ እንዲራገፍ።

ከሰዓት ሦስቱን ናሙና ወደ ኩፔል። ባዶዎቹን ኩፔሎች አስቀድሜ አጋልኳቸው፣ ከዚያ እርሳሱን በጉጠት አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀለጠና ላዩ ጠቆረ። ቀጥሎ ጥቁሩ ቆዳ ድንገት ተገፈፈና ከሥሩ የሚያበራ ብረት ወጣ። ምድጃውን ወደ 900 ዝቅ አድርጌ አየር እንዲገባ በሩን ስንጥቅ አደረግሁ። ላዩ ላይ ዘይት የመሰሉ ነጠብጣቦች እየተንሸራተቱ ወደ ዳር ይሄዳሉ፣ ዳሩ ላይ ኩፔሉ ይጠጣቸዋል። እንክብሉ እየሟሸሸ፣ እየሟሸሸ፣ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የቀስተ ደመና ቀለም ታየበት፣ ከዚያ ድርግም አለና ወዲያው ብልጭ። አለቀ። 33 ግራም እርሳስ ኩፔሉ ውስጥ ገብቶ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች ነጭ ጠብታ ብቻ ቀረች።

የእርሳስ ጭስ መርዝ ነው፣ ጠረን የለውም፣ ወዲያው አያሳምምም፣ ስለዚህ ሰው ይዘናጋል። ጭስ መሳቢያው ካልሠራ ይህን ሥራ አልጀምርም። ግቢ ውስጥ በከሰል ምድጃ፣ ልጆች በሚጫወቱበት፣ ፈጽሞ አይሞከርም። ያገለገሉትንም ኩፔሎች በተከደነ ጣሳ አስቀምጫለሁ፣ እርሳስ የጠጣ አጥንት ናቸው።

የካቲት 2

ባዶውንና ወርቅ የተጨመረበትን ኩፔል ላይ እንዳስቀመጥኩ መብራት ሄደ። በሩን ዘግቼ ጠበቅሁ። ሃያ ደቂቃ። ሲመለስ ሁለቱም ላያቸው ቢጫ ቅርፊት ለብሶ ደርቀዋል። መልሶ ማጋል ይቻል ይሆናል፣ ግን ማመሳከሪያ ሊሆኑኝ ነው የተሠሩት፣ የተጠራጠርኩት ማመሳከሪያ ምን ይረባኛል? ጣልኳቸው። ሁለቱንም ሰኞና ማክሰኞ ማታ ከሥራ በኋላ ከመጀመሪያው ሠራኋቸው።

የካቲት 5

የኛ ሚዛን 0.1 ሚሊ ግራም ነው የሚያነበው፣ የምፈልገው ወርቅ 0.03 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ መመዘን አይሠራም። ጠብታዎቹን መጀመሪያ በናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ ሃይድሮክሎሪክ ጨምሬ አሟሟኋቸው፣ እያንዳንዳቸውንም 5 ሚሊ ሊትር አደረስኳቸው። አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው፣ ፈሳሽ ውስጥ ያለን ብረት በሚውጠው ብርሃን የሚለካው ማሽን ሌላ ክፍል አለ፣ የወርቁን መብራት ለማስገባት ሁለት ቀን ደጅ ጠንቼ ነበር። 242.8 ናኖሜትር ላይ ተነበበ።

ባዶው 0.02 ግራም በቶን፣ ከምንም አይቆጠርም። ከጨመርኩት 30 ማይክሮግራም ወርቅ 28.5 ተመለሰልኝ፣ 95 በመቶ። ለእጅ ሥራ ኩፔል አይከፋም።

የአጎቴ ድንጋይስ? 0.9፣ 1.0፣ 1.0።

በቶን አንድ ግራም። ሦስቱም ተስማምተው። እንዲህ ያለ የተስማማ ቁጥር ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ደብተሩን ፎቶ አነሳሁት። አጎቴም በስልክ "እናስ? አለ ወይስ የለም?" አለኝ። አለ፣ ግን አንድ ግራም ነው፣ 14 አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ "እስከ እሑድ ታገሠኝ" አልኩት።

የካቲት 6

ለሊት ነቃሁ። ትራፊው!

ወርቅ አይደቅም። ኳርትዝ ሲመታ ይሰበራል፣ ወርቅ ሲመታ ይጠፈጠፋል። ወርቅ ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ አንጥረኛ ወርቅ ቀጥቅጦ ወረቀት ያደርጋል እንጂ ዱቄት አያደርግም። እኔ ቀኑን ሙሉ ስወቅጥ ድንጋዩ በወንፊቱ አለፈ፣ ወፈር ወፈር ያለው ወርቅ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ወንፊቱ ላይ ቀረ። ከዚያ "እምቢ ያለ ትራፊ" ብዬ አሠርኩት። ሦስት ጊዜ የመረመርኩት ወርቁ ተነፍቶ የወጣለትን ዱቄት ነው። ቢስማሙ ምን ይደንቃል፣ የሚያጣላቸው ነገር ፌስታል ውስጥ ነው ያለው።

ወረቀት ላይ አሰላሁት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የወርቅ ድብልብል 1.26 ሚሊ ግራም ትመዝናለች። ይቺ አንዲት ፍሬ 30 ግራም ዱቄት ውስጥ ብትገባ ውጤቱ በቶን 42 ግራም ይሆናል። እውነተኛው ድንጋይ 2 ግራም ቢሆንና ወርቁ ሁሉ በዚህ መጠን ቢሆን ከ21 ምርመራ አንዱ 42 ይላል፣ ሃያው ዜሮ። ሃያውን ያየ ሰው ጉድጓዱን ይተዋል፣ አንዱን ያየ ቤቱን ይሸጣል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ትራፊውን፣ 34ቱንም ግራም፣ ሳልከፍል ሳልቀንስ አንድ ክሩሲብል ውስጥ አቀለጥኩት። ብሩን እንደ ልማዴ 2 ሚሊ ግራም።

ኩፔሉ ላይ ብልጭ ብሎ ሲያልቅ በወረንጦ አነሳኋት። ከዚህ በፊት የወጡት ሁሉ ነጭ ነበሩ፣ የብር ቀለም። ይቺ ቢጫ ናት። ጤፍ የምታክል፣ ክብ፣ ሥሯ ላይ የኩፔሉ አመድ የተጣበቀባት ቢጫ ጠብታ። ከመስኮቱ ሥር ወስጄ አየኋት፣ መብራት ሥር ወስጄ አየኋት። ብቻዬን ሳቅሁ።

ብሩን ለማውጣት ትኩስ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ጨመርኳት። ምንም። አረፋ የለም፣ ቀለም የለም፣ እንደ ድንጋይ ቁጭ አለች።

የካቲት 9

ፒያሳ ክሩሲብሉን ያዋሰኝ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ፣ የተበላውን ዕቃውንም ለመተካት። ጠብታዋን ሳሳየው ገና ሳልጨርስ "ብር አነሰሽ" አለኝ። አንድ እጅ ወርቅ፣ ሦስት እጅ ብር። ከዚያ ካነሰ ወርቁ ብሩን ከልሎ አሲዱን አያስገባም። መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፣ ግን ትራፊው ውስጥ ይህን ያህል ወርቅ ይኖራል ብዬ ስላልጠበቅሁ ብሩን ለትንሽ ወርቅ ነው የመዘንኩት። እሱ ይህን የሚያውቀው ከአባቱ ነው፣ ድሮ ጌጥ ሲያጠሩ እንዲህ ነበር የሚሠሩት።

ከሰዓት ጠብታዋን 7 ሚሊ ግራም ብር ጨምሬ በእርሳስ ቅጠል ጠቅልዬ እንደገና ኩፔል ላይ አወጣኋት። አሁን ነጭ ሆነች። አሲድ ውስጥ ስትገባ ወዲያው አረፋ መሥራት ጀመረች። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሥሩ ላይ የቀረው ቡናማ፣ ጭቃ የመሰለ ቅንጣት ነው። ይህ ነው ወርቅ ቢሉ ማንም አያምንም። በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በትንሿ የሸክላ ሳህን አድርጌ አጋልኩት፣ ዓይኔ እያየ ቡናማው ወደ ቢጫ ተለወጠ።

2.6 ሚሊ ግራም። በኛ ሚዛን ልክ ተነበበ።

የካቲት 12

በዓል ስለሆነ ሥራ የለም፣ ቤት ሆኜ ሒሳቡን ዘጋሁት። ያለፈው ዱቄት 966 ግራም ነው፣ በ0.97 (በሦስቱ ምርመራ አማካይ) ሲባዛ 0.94 ሚሊ ግራም ወርቅ። ትራፊው 2.6። ድምሩ ከአንድ ኪሎ ድንጋይ 3.54 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በቶን 3.5 ግራም። ከወርቁ ሰባ ሦስት በመቶው ልደፋው በነበረው ፌስታል ውስጥ ነበር።

14ቷስ ከየት መጣች? ከተረፈው ዱቄት ትንሽ አሟሙቼ ዚንክ አነበብኩ፣ 0.3 በመቶ ሆነ። ጥቁሩ ነጠብጣብ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ማሽኗ ወርቅን የምታውቀው በሚያወጣው የኤክስሬይ ጉልበት ነው፣ 9.71 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ። ዚንክ ደግሞ ሁለተኛ መስመሩ 9.57 ላይ ነው። ወርቁ ጥቂት፣ ዚንኩ ብዙ ሲሆን የጎረቤቱ ትከሻ ወርቅ ይመስላል። በዚያ ላይ የምታየው የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ብቻ ነው፣ ያውም ላዩን። ጌጥ ላይ ቃራጥ ስታነብ ጎበዝ ናት። በቶን በሁለትና ሦስት ግራም የሚቆጠር ድንጋይ ላይ ግን ሥራዋ አይደለም።

አጎቴን ደወልኩለት። 3.5 ስለው ዝም አለ። ቀጥዬ "ግን ጋሼ፣ አንተ የመረጥከው ድንጋይ ነው 3.5 የሆነው" አልኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ፣ ከነጩ ድንጋይ አንድ ግድግዳ እስከ ሌላው ግድግዳ ገመድ ወጥሮ፣ በገመዱ ሥር ያለውን ሁሉ እኩል ጥልቀት እየጠረበ፣ ቆንጆም አስቀያሚም ሳይል ሸራ ላይ እንዲሰበስብ ነገርኩት።

"አስቀያሚውን ለምን ልላክልሽ?"

"ስትቆፍር አስቀያሚውንም ትቆፍረው የለ?"

የካቲት 20

ሁለተኛው ማዳበሪያ በአውቶቡስ የመጣው ከስድስት ቀን በፊት ነው። 19 ኪሎ። እንዳልኩት ነው የሠራው፣ ድንጋዩ ውስጥ ግራጫም አለ፣ አረንጓዴ የግድግዳ ድንጋይም አለ። ሥራው አሁን ያን ያህል አልከበደኝም። መፍጨት፣ መክፈል፣ መንፋት፣ ትራፊውን ለብቻ፣ ብሩን በልኩ።

በቶን 0.7 ግራም። ትራፊው ጭምር ተደምሮ።

ማታ ለአጎቴ በማዳበሪያ አሰላሁለት፣ ግራም በቶን ለእሱ ምንም ማለት አይደለምና። 14 እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ ግራም ወርቅ ለማግኘት ከ50 ኪሎዋ ማዳበሪያ አንድ ተኩል በቂ ነበር። በ3.5 ስድስት ማዳበሪያ። በ0.7 ሃያ ዘጠኝ ማዳበሪያ ቆፍረህ፣ ተሸክመህ፣ ፈጭተህ፣ አንዲትም ፍሬ ከገበቴው ሳታመልጥህ ነው አንድ ግራም።

"ሃያ ዘጠኝ" አለ። ደገመው፣ "ሃያ ዘጠኝ።" ከዚያ "ድርሻውን ተውኩት" አለኝ። ትንሽ ቆየና "ያቺ ጤፍ የምታክለውስ?" ብሎ ጠየቀ። ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ፣ አሁን ከጤፍም አንሳለች፣ 2.6 ሚሊ ግራም ናት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደውሎ ሌላ ሰው ሌላ ጉድጓድ እንዳሳየው ነገረኝ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠርቦ ሐሙስ ይልካል። ክሩሲብል ስምንት ቀርቶኛል። ኩፔል አልቋል፣ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ጾም ስለሆነ ያ ሥጋ ቤት በሩን ዘግቷል። ነገ መርካቶ አካባቢ ያሉትን የሙስሊም ሥጋ ቤቶች እሞክራለሁ።